የወፈረ ውሻን በረሃብ ሳይቀጡ ክብደቱን መቀነስ የሚቻለው እንዴት ነው?

ሳህኑ ባዶ ከሆነ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላውም። ውሻው ግን የወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ፣ ማቀዝቀዣው በተከፈተ ቁጥር ጆሮውን እያቆመ የቤቱን ሰው ዓይን ዓይን ያያል። የእንስሳት ሐኪሙ «ክብደት መቀነስ አለበት» ካለ ወዲህ ምግቡ በግማሽ ቀንሷል፤ ልመናው ግን በእጥፍ ጨምሯል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሦስት ሳምንት የቆየ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል። ሳህኑ እንደገና ይሞላል፤ ክብደቱም ወደነበረበት ይመለሳል።

ብዙዎች የሽንፈቱን ምክንያት በውሻው ሆዳምነት ወይም በራሳቸው አንጀት መላላት ላይ ያሳብባሉ። ባለፉት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነው። ረሃቡ የማስመሰል ሳይሆን እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ውሾች ዘንድ እንዲያውም አብሯቸው የተወለደ ነው። ስለዚህም ክብደት የመቀነሱ ጥረት የሚዘልቀው ምግብን በመንፈግ ብቻ አይደለም። ተመጥኖ የተፈቀደውን ካሎሪ ሆድ በሚሞላና ቀኑን በሚያዳርስ መንገድ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ጥቂት ኪሎዎች ለምን ያሳስባሉ?

በአሜሪካ የቤት እንስሳትን ውፍረት ለመከላከል የተቋቋመ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ባደረገው የዳሰሳ ጥናት፣ በእንስሳት ሐኪሞች ከተመዘኑት ውሾች 59 ከመቶ የሚሆኑት ከጤናማ ክብደታቸው በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ከሁለት ውሾች ከአንድ በላይ የሚሆነው ወፍራም በሆነበት አካባቢ፣ ወፍራሙ ውሻ ለዓይን «የተለመደ»፣ ጤናማው ደግሞ «የከሳ» መምሰሉ አይቀርም።

ውጤቱ ግን በዕድሜ ላይ ይታያል። ፑሪና የተባለው የእንስሳት ምግብ አምራች ኩባንያ 48 የላብራዶር ዝርያ ውሾችን ከቡችላነታቸው ጀምሮ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተከታትሏል። ውሾቹ ከአንድ እናት የተወለዱ ጥንዶች ተደርገው የተከፈሉ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ከወንድሙ ወይም ከእህቱ 25 ከመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። በ2002 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ በልክ የተመገቡት ውሾች አማካይ ዕድሜ 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ዓመት ሆኗል። በልክ የተመገቡት ከዚህም በተጨማሪ የመገጣጠሚያ ሕመምን ጨምሮ ሥር ለሰደዱ በሽታዎች የተዳረጉት ዘግይተው ነው።

በእንግሊዝ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 12 ዝርያ ያላቸውን ከ50 ሺህ በላይ ውሾች መረጃ መርምሯል። በሁሉም ዝርያዎች ወፍራሞቹ ዕድሜያቸው አጥሮ ተገኝቷል። ልዩነቱ በወንድ ጀርመን ሼፐርድ አምስት ወር ገደማ ሲሆን፣ በትንሹ ዮርክሻየር ቴሪየር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ደርሷል።

በሌላ በኩል ለውጡ እንዲታይ ውሻው መልኩን ሙሉ በሙሉ እስኪቀይር መጠበቅ አያሻም። በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እንዳሳዩት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ወፍራም ውሾች ከክብደታቸው ስድስት ከመቶ ያህሉን ሲቀንሱ ማነከሳቸው በሚታይ ደረጃ ቀሏል። 38 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ከሁለት ኪሎ ተኩል ያነሰ ነው።

ሆዳምነት ወይስ ተፈጥሮ?

ላብራዶር በምግብ ወዳድነቱ የታወቀ ዝርያ ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት የእንስሳት ሐኪሟ ኤሌኖር ራፋንና ባልደረቦቻቸው በ2016 ለዚህ ባሕርይ አንድ ሥጋዊ ምክንያት አግኝተውለታል። ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ገደማ ፒኦኤምሲ በተባለው ዘረ መል ላይ ጉድለት አለበት። ዘረ መሉ የሰውነት የስብ ክምችት በቂ መሆኑን ለአንጎል የሚናገሩ ኬሚካሎችን ለማምረት ያገለግላል። በጉድለቱ ምክንያት ከእነዚህ መልእክተኞች የተወሰኑት አይመረቱም። በመሆኑም የውሻው ሰውነት በቂ ስንቅ ይዞ ሳለ አንጎሉ ግን «ገና ነው» እንደተባለ ይቆያል።

ጉድለቱን ከወላጆቹ በአንዱ በኩል የወረሰ ላብራዶር በአማካይ ሁለት ኪሎ ገደማ ተጨማሪ ክብደት ይኖረዋል። ለአካል ጉዳተኞች ረዳት እንዲሆኑ በሠለጠኑ ላብራዶሮች መካከል ደግሞ ጉድለቱ እጅግ ተበራክቶ ታይቷል። ለምግብ ሲል የታዘዘውን ሁሉ የሚፈጽም ውሻ ለሥልጠና ስለሚመች፣ ሰዎች ሳያውቁት የሚራበውን ውሻ መርጠዋል ማለት ነው።

ይኸው የተመራማሪዎች ቡድን በ2024 ያሳተመው ሥራ ረሃቡ መቼ እንደሚበረታ ያሳያል። ውሾቹ እስኪበቃቸው ምግብ ሲቀርብላቸው፣ ጉድለቱ ያለባቸው ከሌሎቹ የበለጠ አልበሉም። ከቁርስ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ጠረኑ በሚወጣበት ሳጥን ውስጥ ቋሊማ ተዘግቶ ሲቀመጥ፣ ሳጥኑን ለመክፈት አብዝተው የታገሉት እነርሱ ነበሩ። በሌላ አነጋገር፣ ችግራቸው ያለው በሁለት ምግቦች መካከል ፈጥነው መራባቸው ላይ ነው። ከዚህም በላይ በዕረፍት ላይ ሳሉ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ካሎሪ ከሌሎቹ 25 ከመቶ ያህል ያንሳል። የበለጠ ይራባሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ያነሰ ነው።

ይህ ግኝት ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ውሻው ወፍራም የሆነበት ቤተሰብ ሁሉ ግድየለሽ አይደለም፤ አንዳንዱ የተሰጠው ከባድ የቤት ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ረሃቡ የሚበረታው በምግብ ሰዓታት መካከል ከሆነ መፍትሔውም ያንን ክፍተት የሚሞላ ሊሆን ይገባል።

ከሁሉ በፊት ምርመራ

ምግብ ከመቀነስ በፊት የእንስሳት ሐኪም ማየት ተገቢ ነው። የታይሮይድ ዕጢ መድከም ውሻው ሳይበላ እንዲወፍር ሊያደርግ ይችላል። ኩሺንግ የተባለው የሆርሞን በሽታ የምግብ ፍላጎትንም ጥምንም ይጨምራል፤ ሆድንም ያሳብጣል። ለአለርጂ የሚታዘዙ የስቴሮይድ መድኃኒቶችና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ረሃብን ያባብሳሉ። በእነዚህ ሁኔታዎች ምግብ መቀነስ ብቻውን ሥር ነገሩን አይነካም፤ መድኃኒቱንም ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው። የተመከነ ውሻ ደግሞ የሚያስፈልገው ጉልበት ቀንሶ የምግብ ፍላጎቱ ስለሚጨምር፣ ከመመከኑ በፊት የነበረው ሳህን ከዚያ በኋላ ይበዛበታል።

ውፍረቱን በቤት ውስጥ ለመገመት ቀላሉ መሣሪያ የራስ እጅ ነው። በአንድ እጅ የውሻውን የጎድን አጥንት፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የራስን እጅ እየዳሰሱ ማነጻጸር ይበቃል። የጎድን አጥንቱ የተዘረጋ እጅ ጀርባ ሲዳሰስ እንዳለው ስሜት ከሆነ ክብደቱ ጥሩ ነው። እንደ መዳፍ ውስጥ ሥጋ ለስልሶ አጥንቱን ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግር ከሆነ ውሻው ወፍሯል። እንደ ተጨበጠ ቡጢ አጥንት ከጎረበጠ ደግሞ ከስቷል። ከላይ ሲታይ ወገቡ ገባ ማለት፣ ከጎን ሲታይ ሆዱ ወደ ኋላ እግሮቹ ከፍ ማለት አለበት።

ሐኪሞች ይህንኑ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ መለኪያ ይመዝኑታል። 4 እና 5 ጤናማ ሲሆኑ፣ ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ አሥር ከመቶ ገደማ ትርፍ ክብደትን ያመለክታል። የሚፈለገው ክብደት ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀመር በዕረፍት ላይ ያለ ውሻ በቀን የሚያስፈልገውን ካሎሪ ያሰላል። የሚሰላው ውሻው አሁን ባለበት ክብደት ሳይሆን ሊደርስበት በሚገባው ነው። በስልክ የሒሳብ ማሽን እንዲህ ይሠራል፤ የሚፈለገውን ክብደት በኪሎ ወስዶ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ማባዛት፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማውጣት፣ በመጨረሻ በ70 ማባዛት።

አሁን 38 ኪሎ የሚመዝንና 30 ኪሎ ሊሆን የሚገባው አንድ ላብራዶር በምሳሌነት ይወሰድ። 30 ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 27 ሺህ ይሆናል። የዚህ ስኩዌር ሩት 164 ገደማ፣ የዚያ ደግሞ 12.8 ነው። በ70 ሲባዛ 900 ካሎሪ ይጠጋል። ይህ ለውሻው ክብደት መቀነሻ የሚሆን የመነሻ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ውሻ የሚያቃጥለው መጠን ስለሚለያይ፣ ቁጥሩ በሐኪም ታይቶ በየጊዜው ይስተካከላል።

ከዚህ ውስጥ ለማባበያና ለሽልማት የሚውለው ከአሥር ከመቶ መብለጥ የለበትም። ለዚህ ውሻ 90 ካሎሪ መሆኑ ነው። ለዋናው ምግብ 810 ይቀራል። ደረቅ ምግቡ በ100 ግራም 350 ካሎሪ ቢይዝ፣ የቀኑ ድርሻ 230 ግራም ይሆናል። በአሜሪካ በሚሸጡ ማሸጊያዎች ላይ የካሎሪው መጠን ተጽፎ ይገኛል፤ በሌሎች አገሮች ካልተጻፈ አምራቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ድርሻው የሚለካው በወጥ ቤት ሚዛን እንጂ በኩባያ መሆን የለበትም። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ የውሻ ባለቤቶች ደረቅ ምግብ በኩባያ ሲሰፍሩ ከታሰበው መጠን በ48 ከመቶ ያነሰም፣ በ152 ከመቶ የበለጠም አቅርበዋል። ስሕተቱ ይበልጥ የከፋው አነስተኛ መጠን ሲሰፈር ነበር። ይህም ትንንሽ ውሾችን ለበለጠ አደጋ ያጋልጣል። ዋጋው ቀላል የሆነ ሚዛን ይህን ግምት በአንድ ጊዜ ያስቀራል።

ጤናማው የመቀነስ ፍጥነት በሳምንት ከክብደቱ ከአንድ እስከ ሁለት ከመቶ ነው። ለ38 ኪሎው ውሻ ከ380 እስከ 760 ግራም መሆኑ ነው። ስምንቱን ኪሎ ለማውረድ ወራት ያስፈልጋሉ። ብዙ ውሾች ከዚህም በዝግታ ይቀንሳሉ፤ በዝግታ መቀነሳቸውም ውድቀት አይደለም።

ግማሽ ሳህን ለምን አይበቃም?

የተለመደውን ምግብ በግማሽ መቀነስ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ሁለት ችግሮች ግን አሉበት። የመጀመሪያው የምግብ ይዘት ነው። ተራ የውሻ ምግብ የሚዘጋጀው ውሻው ሙሉ ድርሻውን እንደሚበላ ታስቦ ነው። ድርሻው በጣም ሲቀነስ ካሎሪው ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑ፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑም አብሮ ይቀንሳል። ውሻው በስቡ ፋንታ ጡንቻውን ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ችግር ረሃቡ ነው። ሳህኑ ግማሽ ሲሆን ሆዱም ግማሽ ነው።

ለክብደት መቀነሻ ተብለው በሐኪም የሚታዘዙ ምግቦች እነዚህን ሁለት ችግሮች ለመፍታት የተሠሩ ናቸው። በእያንዳንዱ ካሎሪ ውስጥ የበለጠ ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድን ይይዛሉ። አሰር ወይም ፋይበር ስለሚበዛባቸውም ለተመሳሳይ ካሎሪ ሳህኑ ሞላ ይላል። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በፕሮቲንም በአሰርም የበለጸገ ምግብ የቀረበላቸው ውሾች ከሁለቱ በአንዱ ብቻ የበለጸገ ምግብ ከቀረበላቸው ይልቅ በራሳቸው ፈቃድ ያነሰ ካሎሪ ወስደዋል። የሚያጠግበው የሁለቱ ጥምረት ነው ማለት ነው። «ቀላል» የሚል ጽሑፍ ያለበት የገበያ ምግብ ሁሉ ግን ይህን ያሟላል ማለት አይደለም።

የታዘዘውን ምግብ ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ቤተሰብም አማራጭ አያጣም። ከፊሉን ደረቅ ምግብ በካሎሪ እኩያው በሆነ እርጥብ የታሸገ ምግብ መተካት የሳህኑን መጠን ያሳድጋል፤ እርጥብ ምግብ አብዛኛው ውኃ ነውና። በደረቁ ምግብ ላይ ለብ ያለ ውኃ ጨምሮ ማራስም አበላሉን ያዘገየዋል።

አትክልት ሌላው አጋዥ ነው። 100 ግራም ፎሶሊያ 30 ካሎሪ ገደማ፣ 100 ግራም ካሮት ደግሞ 40 ገደማ ብቻ ይይዛል። ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ዝኩኒ ወይም ዱባ በምግቡ ላይ ቢጨመር ሆድ ይሞላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተሰጠ ጋዝና ተቅማጥ ስለሚያስከትል ቀስ በቀስ መልመድ አለበት። ካሎሪውም ከዕለቱ ድርሻ ላይ ይቆጠራል።

ያንኑ ድርሻ ቀኑን ማዳረስ

በምግብ ሰዓታት መካከል ለሚበረታው ረሃብ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የሚመክሩት የቀኑን ድርሻ መበታተን ነው። 230 ግራሙ በሁለት ፋንታ ለሦስት ወይም ለአራት ቢከፈል ካሎሪው አይጨምርም፤ ባዶ ሆድ የሚቆይበት ሰዓት ግን ያጥራል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም ገና ሳይነጋ የሚያላዝን ውሻ ከሆነ፣ ከድርሻው ላይ ጥቂቱን ለመኝታ ሰዓት ማስቀረት ይረዳል።

ሁለተኛው ዘዴ የአበላሉን ጊዜ ማርዘም ነው። ብዙ ላብራዶሮች አንድ ሳህን በደቂቃ ውስጥ ይጨርሳሉ። ያው ምግብ በግቢ ሣር ላይ ቢበተን ወይም በተጠቀለለ ፎጣ ውስጥ ቢደበቅ፣ ውሻው እያሸተተ ለመልቀም ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ለዚሁ የተሠሩ፣ ሲንከባለሉ ምግብ ጠብ የሚያደርጉ መጫወቻዎችና ውስጣቸው ጉብታ ያለው ሳህኖችም አሉ። የራሰ ምግብ በጎማ መጫወቻ ውስጥ ታጭቆ በማቀዝቀዣ ከበረዶ ደግሞ መላሱ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ውሻ በተፈጥሮው አሽትቶ የሚፈልግ እንስሳ በመሆኑ፣ ፍለጋው ራሱ ሥራ ይሆንለታል፤ ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ጊዜም ይቀንሳል።

ጉርሻና ገበታ

የምግብ ዕቅድ በአብዛኛው የሚፈርሰው ሳህኑ ላይ ሳይሆን ገበታው ዙሪያ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ይህ የራሱ መልክ አለው። በአገር ቤት ውሻ በብዛት ግቢ ጠባቂ ነው፤ ውጭ ያድራል፣ ትርፍራፊ ይበላል፣ ቀኑንም ሲዞር ይውላል። በውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ጠይቀው ያስገቡት ውሻ ግን አፓርታማ ውስጥ ይተኛል፣ በቀን ሁለቴ በማሰሪያ ይወጣል፣ ገበታ ሲቀርብም ከእግር ሥር አይጠፋም። የትርፍራፊው ልማድ ግን እንዳለ ይቀጥላል። መውደድን በጉርሻ መግለጽ በለመደ ቤት፣ በዓይኑ ለሚለምን ውሻ እጅ ማጠፍ ከባድ ነው።

ቁጥሩ ሲታይ ግን ጉርሻው ትንሽ አይደለም። 30 ግራም የፋብሪካ ቺዝ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ይህ ለምሳሌ ከተወሰደው ውሻ የቀን ድርሻ ከስምንት እጅ አንዱን ይበልጣል። አባት ጠዋት አንድ ቁራሽ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ፣ አያት ማታ ሌላ ቢሰጡ፣ ማንም ብዙ አልሰጠም፤ ውሻው ግን የቀን ድርሻውን ሲሶ በላይ በትርፍ አግኝቷል።

በወጥ የራሰ ጉርሻ ከካሎሪው ባሻገር ሌላ አደጋ አለው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ ወይም በበርበሬ ውስጥ የተፈጩ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ። ቅቤና ስብ የበዛበት ምግብ የቆሽት ብግነት ሊያስነሣ ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ወይን፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት እንዲሁም ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለባቸው ከስኳር ነጻ ማስቲካዎችና አንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤዎች ለውሻ መርዝ ናቸው።

መስጠትን ጨርሶ መከልከል ግን አያስፈልግም። በየቀኑ ጠዋት ከተመዘነው ድርሻ ላይ 20 ወይም 30 ግራም ደረቅ ምግብ በአንድ ብርጭቆ ለብቻው ይቀመጥ። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ እንግዳም ጭምር፣ መስጠት ሲያምረው ከዚያ ይወስዳል። ብርጭቆው ባዶ ከሆነ ለዕለቱ አልቋል። በዚህ መንገድ ሁሉም ይሰጣል፤ ሒሳቡም አይፋለስም። ለውሻው ዋናው ከእጅ መቀበሉ ነው፤ አንድ ፍሬም ሆነ አንድ እፍኝ ደስታው ብዙ አይለያይም።

ልመናው ሲበረታ

ልመና ሁሉ ረሃብ አይደለም። አንዳንዱ ልማድ፣ አንዳንዱ መሰልቸት፣ አንዳንዱም ትኩረት መፈለግ ነው። መለያው ቀላል ነው። ውሻው የጨዋታ ኳስ ሲያይ ወይም ማሰሪያው ሲነሣ ወጥ ቤቱን ረስቶ ከሮጠ፣ ይፈልግ የነበረው ሰውን ነው።

አሥር ጊዜ ተከልክሎ በአሥራ አንደኛው የተሰጠው ውሻ የሚማረው አሥራ አንድ ጊዜ መለመንን ነው። አልፎ አልፎ መሸነፍ ሁልጊዜ ከመስጠት ይልቅ ልመናውን ያጸናዋል። መስጠት በቆመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው፤ ቤተሰቡ በአንድ ቃል ከጸና ግን ቀስ በቀስ ይበርዳል። ቤተሰቡ በሚመገብበት ሰዓት ለውሻው ከድርሻው የተሞላ መጫወቻ በሌላ ክፍል መስጠት ሁለቱንም ወገን ያሳርፋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሻው አሁንም ያለ ዕረፍት የሚራብ ከሆነ፣ ቆሻሻ የሚበላ ወይም ጠበኛ የሚሆን ከሆነ ዕቅዱን ከሐኪም ጋር መከለስ ይገባል።

እርምጃ ብቻውን ይበቃል?

ውሻ ሲራመድ የሚያቃጥለው በአንድ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ገደማ ነው። 38 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢራመድ 76 ካሎሪ ገደማ ያጠፋል። ከላይ የተጠቀሰውን ቁራሽ ቺዝ እንኳ አያካክስም። እንቅስቃሴ ጡንቻን ለመጠበቅ፣ መገጣጠሚያን ለማፍታታትና መሰልቸትን ለማባረር አስፈላጊ ነው፤ የምግብ ልኬትን ግን አይተካም።

ወፍራም ውሻ ሙቀት ስለማይችል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋ ሙቀት፣ እንዲሁም በሞቃታማ የአሜሪካ ግዛቶች፣ የእግር ጉዞ ከጎሕ በፊት ወይም ከመሸ በኋላ መሆን አለበት። አስፋልቱ የእጅን ጀርባ ለጥቂት ሰኮንዶች ካላስቻለ የውሻውንም መዳፍ ያቃጥላል። የሚያነክስ ውሻ ከሆነ ከአንድ ረጅም ጉዞ አጫጭር ሦስት ጉዞዎች ይሻላሉ።

ሚዛኑ ሲቆም

ውሻው በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ዓይነት ሚዛን ቢመዘን ይመረጣል። ትንሽ ውሻ ከሆነ ሰው አቅፎት ተመዝኖ የራሱን ክብደት ሊቀንስ ይችላል። ለአንድ ወር ያህል ለውጥ ካልታየ በቅድሚያ የሚጣራው ከዕቅዱ ውጭ የሚገባ ምግብ ነው፤ የድመት ሳህን፣ የሌላው ውሻ ትራፊ፣ የጎረቤት ብስኩት። ከዚህ በኋላ ሐኪሙ ድርሻውን በጥቂቱ ይቀንሳል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2007 ለውሾች ውፍረት የመጀመሪያውን መድኃኒት ፈቅዶ ነበር። ሆኖም መድኃኒቱ ኋላ ላይ ከገበያ ወጥቷል። ለሰው የታዘዙ የክብደት መቀነሻ መርፌዎችን ለውሻ መስጠት ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነው።

የተፈለገው ክብደት ሲደረስም ወደ ቀድሞው ሳህን መመለስ አይቻልም። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደታቸውን በተሳካ ሁኔታ ከቀነሱ በኋላ በተከታተሏቸው ውሾች መካከል ግማሽ የሚጠጉት መልሰው ወፍረዋል። የከሳ ውሻ የሚያስፈልገው ካሎሪ ክብደት ሲቀንስ ከነበረው እምብዛም ስለማይበልጥ፣ ጭማሪው በጥቂት ግራም እየተሞከረ፣ ሚዛኑም እየታየ መሆን አለበት። የክብደት መቀነሻውን ምግብ ሳይለውጡ መቀጠልም መልሶ መወፈርን እንደሚቀንስ ተመልክቷል።

ካምብሪጆቹ በ2025 ከውፍረት ጋር የተያያዙ ሌሎች ዘረ መሎችን ይፋ ባደረጉበት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ለመወፈር የሚያጋልጥ ውርስ ያላቸው ላብራዶሮች እንኳ፣ ባለቤቶቻቸው ምግባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን በጥብቅ ሲቆጣጠሩ ሳይወፍሩ መኖር ችለዋል። ለእነዚህ ባለቤቶች ጥረቱ ከሌላው የበለጠ ነው፤ ውጤቱ ግን ከእጃቸው አልወጣም።

የሚራብ ውሻ ያላቸው ቤተሰቦች ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ከባድ ነገር አይደለም። የወጥ ቤት ሚዛን ማውጣት፣ አሁን የሚሰጠውን ምግብ ምንም ሳይቀንሱ ለሦስት ቀን እየመዘኑ መመዝገብ፣ ከእጅ የሚሰጠውንም ጭምር መጻፍ። ይህ ዝርዝር ወደ ሐኪም ሲወሰድ፣ ከየት እንደሚቀነስና ውሻው ሳይራብ ምን ሊተካለት እንደሚችል በግልጽ ይታያል።